የመሪጌታ ጥላ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዐቢይ ጾም ወራት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ጥቁር ኮት የደረቡ ሽማግሌ ከግቢያቸው ብቅ ይላሉ። በሩ ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ካልሲያቸውን አጣጥፈው እዚያው ጫማው ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቀጥ ብለው ይቆሙና የጥላቸው ጫፍ የት እንዳረፈ በዓይናቸው ይይዛሉ። ቀጥለው ተረከዛቸውን ከአውራ ጣታቸው ጋር እያገጣጠሙ ጥላውን መርገጥ ይጀምራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባጃጅ ነጂዎቹ እያለፉ «ቲቸር፣ ስንት ሞላ?» ይሏቸዋል። «ገና ነው፤ ሆድህን ቻል አድርገው» ይላሉ እሳቸው። በመጋቢት ሰባት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ያኔ ገብተው ይበላሉ። ኪሳቸው ውስጥ ስልክ አለ፤ ግድግዳቸው ላይም ሰዓት ተሰቅሏል። ከሁለቱ ጋር ጠብ የላቸውም፤ በጾም ጉዳይ ግን አያማክሯቸውም።

እኚህ ሰው መምህር ስመኘው ቂርቆስ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳይንስ አስተምረዋል፤ ከጅጋ እስከ ፍኖተ ሰላም ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ከእሳቸው ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ታሪኩ ወደ ወጣትነታቸው ስለሚመልሰን አንቱታውን እዚህ ላይ እናቆየውና ስመኘው እንበለው። ቢሰማም አይቀየም። የሚቀየመው «የመሪጌታ ጥላ» ሲባል ነው።

ከማንኩሳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሆነችው በዝግባ ሜዳ፣ የተሰፈረ እህል ከጎደለ፣ አናጺ የቆረጠው እንጨት ካጠረ፣ የማሳ ድንበር ካዘነበለ፣ «ይሄ እንኳ የመሪጌታ ጥላ ነው» ይባላል። ሰው ስቆ ያልፋል። ከሚስቁት ውስጥ ብዙዎቹ መሪጌታው ማን እንደነበሩ፣ ጥላቸውስ ምን እንደሆነ አያውቁም። ስመኘው ያውቃል። መሪጌታ ቂርቆስ አባቱ ናቸው፤ ስማቸውን የስሕተት መጠሪያ ያደረገውም እሱ ራሱ ነው።

መሪጌታ ቂርቆስ የዝግባ ሜዳ ገብርኤል ጥላ ሰፋሪ ነበሩ። ያን ጊዜ በአገሩ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው አልነበረም። የጾሙ ቅዳሴ የሚገባው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ መሆኑን የሚያሳውቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። መሪጌታ እዚያ ላይ ይቆማሉ፤ ትንሹ ዲያቆን አድማሴ ሮጦ የጥላቸው ራስ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠጠር ያስቀምጣል፤ ከዚያ እሳቸው እየቆጠሩ ይረግጣሉ። የየወሩን ስፍር በቃላቸው ያውቁታል። ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነው፣ አጭር ሰው እግሩም አጭር ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው የገዛ ጥላውን በገዛ እግሩ ቢረግጥ ቁጥሩ ያው ነው። «እግዜር ሰውን ሲፈጥር ሰዓቱን ከሥሩ አያይዞ ነው» ይሉ ነበር።

የመሪጌታ ሰማይ ቤት ነበር። ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት ደጆች አሏት፣ በምዕራብም ስድስት፤ በየወሩ ደጅ እየቀየረች ትወጣለች፣ ትገባለች። ስመኘው በልጅነቱ ከታላቅ እህቱ ከቻይነሽ ጋር ጠዋት ጠዋት አባቱ ጋቢ ውስጥ ተሸጉጦ ከማዶ ያለውን ኮረብታ ያያል። «ዛሬ በየትኛው ደጅ ወጣች?» ይሏቸዋል መሪጌታ። ቻይነሽ «ከዋርካው በስተግራ» ትላለች፤ ሁልጊዜ ልክ ናት። እሱ ደግሞ «ደጁን ማን ይከፍትላታል? ገብታ የት ታድራለች?» እያለ ይጨቀጭቃል። መሪጌታ ይስቃሉ። «አንተ የቁልፍ ነገር ነው የጨነቀህ» ይሉታል። ስመኘው ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰማይ አይቷል። እንደዚያ ያለ ሙቀት ያለው፣ ሲመሽ የሚዘጋ፣ ሲነጋ የሚከፈት ሰማይ ግን ዳግመኛ አላገኘም። ይናፍቀዋል። ልክ ያልሆነ ነገር እንዴት ይናፍቃል እያለ ራሱን ይታዘባል፤ ቢታዘብም መናፈቁን አልተወም።

አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት ስመኘው የመምህርነት ሥልጠናውን ጨርሶ ለገዛ ቀበሌው የመጀመሪያው አስተማሪ ሆኖ ተመለሰ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ሲመለስ ቡሬ ላይ ቆም ብሎ ጫማ ገዛ፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ነጋዴው በልኩ ስላልነበረው ሁለት ጣት የሚበልጥ ሰጠው፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጥቆ አደረገው። ጫማው ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ሲራመድ ይጮኻል። ስመኘው ያን ሰሞን አላስፈላጊ መንገድ ብዙ ሄዷል።

ትምህርት ቤቱ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል በአሥር ልጆች ተጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ስመኘው ልጆቹን አሰልፎ ምድር እንደምትሽከረከር፣ ፀሐይ ግን ባለችበት እንዳለች፣ ወጣች ገባች የሚባለው የአፍ ልማድ ብቻ እንደሆነ አስተማረ። ልጆቹ ማታውኑ ለወላጆቻቸው አወሩ። በማግሥቱ ከአሥሩ አራት ቀሩ። አባቶች ወደ መሪጌታ ቤት መጥተው «ልጅዎ ምድርን አሾራት፤ ነገ ከብቶቻችን ቢወድቁ ማን ሊከፍል ነው?» አሉ። ከወረዳ የመጣው ሰው ደግሞ እስከ ፋሲካ ሃያ ልጅ ካልሞላ ትምህርት ቤቱ ወደ ሌላ ቀበሌ እንደሚዛወር ቁርጡን ተናግሮ ሄዷል።

መሪጌታ ልጃቸውን አልተቆጡም። «ምድር የምትዞር ከሆነ የእኔ ጥላ እንዴት በየዓመቱ ልክ ይመጣል?» ብለው በጨዋ ደንብ ጠየቁት። መልሱ ቀላል ነበር፤ ሁለቱም አንድ ጥላ ነው የሚያዩት፤ የሚለያዩት በሚያዞሩት ነገር ብቻ ነው። ስመኘው ይህን ቢመልስ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ወጣት ነው፤ ጫማው አዲስ ነው፤ «ልክ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?» አላቸው።

በማግሥቱ መጋቢት አጋማሽ ላይ ሕዝቡ ለቅዳሴ ተሰብስቦ፣ መሪጌታ እንደ ወትሮው ድንጋዩ ላይ ቆመው፣ ረግጠው፣ «ሰባት ሞልቷል» አሉ። ደወል ሊደወል ነው። ስመኘው ከሰው መካከል ወጣና «እስቲ እኔም ልስፈረው» አለ። ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ አድማሴ የእሱን ጥላ ራስ በጠጠር ምልክት አደረገለት፤ ስመኘው አዲሱን ጫማ ተረከዝ ከአፍንጫ እያገጣጠመ ረገጠ። ድንጋዩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነውና ጫማውን ያወልቅ ነበር። ድንጋዩ ግን ውጪ ነው።

«ስድስት» አለ ስመኘው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ። «አባባ፣ ስድስት ነው። ገና አንድ ጫማ ይቀራል።»

ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ዘጠኝ ሳይሆን ዘጠኝ ሆነ ማለት የአጥቢያውን ሕዝብ ሁሉ ጾም ማስገደፍ ነው። ስንት ዓመት? መሪጌታ ጥላ ሰፋሪ ከሆኑ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው መሬቱን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ በልጦኛል፤ ከዛሬ ወዲህ እሱ ይስፈር» አሉ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ሰዉ መሐል ገቡ። ቢያንስ ስመኘው የሚያስታውሰው፣ አገሩም ሲያወራው የኖረው እንዲህ እንዳሉ ነው።

የአባቱን ጥላ ያረመ መምህር ተብሎ የስመኘው ስም ጎረቤት ቀበሌ ድረስ ደረሰ። «መሪጌታ ራሳቸው እጅ ከሰጡለት ልጁ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው» ተባለ። ፋሲካ ሳይደርስ ሃያው ሞላ፤ ከፋሲካ በኋላ አርባ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ እዚያው ቀረላቸው። ስመኘው ሁለት ዐቢይ ጾም ሙሉ ጥላ ሰፋሪ ሆነ፤ በጫማው። ሁለት ዐቢይ ጾም ሙሉ የዝግባ ሜዳ አሮጊቶች ከሚገባቸው በላይ ሩብ ሰዓት ያህል እየተራቡ ቆሙ፤ መሪጌታም ከእነሱ ጋር በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ። ማንም ቅር አላለውም፤ ጾም ረዘመብኝ ብሎ ሰውን የሚከስ የለም።

በሦስተኛው ዓመት ስመኘው ትምህርት ሲያዘጋጅ አንድ ነገር አነበበ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት እስክንድርያ ውስጥ የኖረ አንድ ሊቅ፣ መርከብ ሳይሳፈር፣ ከአገሩ ሳይርቅ፣ የጥላን ርዝመት ብቻ ለክቶ የምድርን ዙሪያ ስፋት አውቋል። ስመኘው ሁለት ጊዜ አነበበው። አባቱን ያሳፈረበት ጥላ ምድርን የሰፈረ ጥላ ነው። ደስ አለው፤ ትንሽም ከነከነው። ልጆቹን ሜዳ አወጣና «ሁላችሁም የገዛ ጥላችሁን ስፈሩ» አላቸው።

ትልቁም ትንሹም «አምስት» አለ። ሁሉም አምስት። ስመኘው ሰፈረ፤ አራት ከትንሽ። እንደገና ሰፈረ፤ አራት ከትንሽ። ሰብሊ የምትባል፣ አፏን የማትይዝ ልጅ ነበረች፤ «መምህር፣ የእርስዎ ጫማ እኮ ጫማ አድርጓል» አለችው። ልጆቹ ሳቁ። ስመኘው ቁልቁል አየ። የልጆቹ እግር በሙሉ ባዶ ነው። የእሱ ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ሁለት ጣት ይበልጣል። ትምህርቱን በጊዜ ጨረሰና ልጆቹን ወደየቤታቸው ሰደዳቸው።

የዚያኑ ዕለት ወደ አባቱ ቤት መሄድ ነበረበት። ከትምህርት ቤቱ ወንዝ ዳር እስካለው ቤታቸው መንገዱ አጭር ነው። አልሄደም። ነገ እሄዳለሁ አለ፤ ነገ ደግሞ እንግዳ ነበረ። ከፋሲካ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ ጅጋ ተዛወረ። ሲመጣ ሲሄድ አባቱ «ምድርህ እንዴት ናት? አሁንም ትዞራለች?» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ይስቃል፤ ነገሩን ግን አያነሣም። ይሉኝታ ነው ብሎ ራሱን ያታልል ነበር። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። መሪጌታ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረው አረፉ። ስመኘው በቀብራቸው ቀን ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ እንደ ሕፃን ነፈረቀ፤ ሰው አባቱን ስላጣ ነው ብሎ አባበለው። እሱን ያስለቀሰው ሌላ ነው፤ አባቱ የሕዝብን ጾም አስገድፌአለሁ ብለው አምነው ሞቱ፣ እኔም እያወቅሁ ዝም አልሁ የሚለው ነው። ያ ነገር እስከ ዛሬ አብሮት ይተኛል፣ አብሮት ይነሣል። አባቱ በሞቱ በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ጫማውን አውልቆ ጥላውን መስፈር ጀመረ። ለማንም ምክንያቱን አልተናገረም።

መምህርነቱ ግን መልካም ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ፀሐይን በትልቅ ቅል፣ ምድርን በአተር አስመስሎ ልጆቹን ሜዳ ለሜዳ ያሰማራቸዋል። ዘጠኝ ልጅ ዘጠኝ ፈለክ ይሆናል፤ የመጨረሻው ልጅ አንዲት የጤፍ ፍሬ በጣቱ ይዞ ከአጥሩ ዳር ይቆማል። አንድ ዓመት ራዲዮ ዘጠነኛው ፈለክ ከፈለክነት ተሰርዟል አለ። ስመኘው ዜናውን በሰማ ማግሥት ጤፍ የያዘውን ልጅ ጠርቶ ከሌሎቹ ጋር እንዲቀመጥ ነገረው። ልጁ «ምን አጠፋሁ?» አለ። የሰማይ ነገር እንዲህ ነው፤ አባቱ ስድስት ደጅ ሰጡት፤ መጽሐፉ ደጁን ነቅሎ ዘጠኝ ፈለክ ሰጠው፤ ራዲዮው አንዱን ወሰደበት። በየጊዜው ሰፋሪው በስፍሩ እርግጠኛ ነበር።

ባለፈው የካቲት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጁ ልጅ ውዳሴ ለዕረፍት መጣችና ስልኳ ላይ አንድ ሥዕል አሳየችው። ጥቁር ነው፤ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሞልቷል።

«አባዬ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ኮከብ እንዳትመስልህ። ጋላክሲ ናት። እያንዳንዷ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ፀሐይ አለ። ደግሞ እየተራራቁ ነው፤ ዩኒቨርሱ በየቀኑ እየሰፋ ነው።»

ስመኘው መነጽሩን አደረገና ለረጅም ጊዜ አየው። በቢሊዮን ፀሐይ፤ ከነዚያ ውስጥ አንዷ ከዋርካው በስተግራ የምትወጣው ናት። «እና ይሄን ሁሉ በምን ሰፈሩት?» አለ።

«በብርሃን ዓመት።»

«እሱም አንድ ቀን ጫማ እንዳደረገ ይታወቅበት ይሆናል» አለና ብቻውን ሳቀ። ውዳሴ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ወሬ ቀየረ።

መጋቢት ሲገባ ቻይነሽ ከዝግባ ሜዳ ደወለች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስልክ ላይ ስታወራ ማዶ ላለ ሰው እንደምትጣራ ትጮኻለች። «ስመኘው፣ የገብርኤልን በር በሲሚንቶ ሊሠሩት ነው። የአባባን ድንጋይ ፈልጠው ለመሠረት ሊጨምሩት ነው ይላሉ። ዓርብ ይጀምራሉ። ብትመጣ ምን አለ?» አለችው።

ስመኘው ያን ቀን ምግብ አልበላም። ድንጋዩ ከሄደ የሚነገርበት ቦታ ራሱ ሊሄድ ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች ግማሹ ተማሪዎቹ ናቸው፤ «የእኛ መምህር» ብለው የሚምሉበት። አባቱን ያስበለጠው ያ ስፍር የጫማ ስሕተት ነው ብሎ በሰባ ዓመቱ ሊነግራቸው ነው። ካልነገራቸው ደግሞ አባቱ እስከ ዘለዓለሙ የጎደለ ቁና መጠሪያ ሆነው መቅረታቸው ነው። ዓርብ ጠዋት ጥቁር ኮቱን ደረበና ውዳሴን «ተነሺ፣ ማንኩሳ እንሂድ» አላት። ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት፤ በዕድሜው ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነው። ውዳሴ እንደምትቀልድበት ጠብቆ ነበር። እሷ ግን እጁን ያዘችው።

ዝግባ ሜዳ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተቃርባለች። ድንጋዩ እንዳለ ነው፤ አጠገቡ አሸዋና የሲሚንቶ ከረጢት ተቆልሏል፤ ሁለት ሠራተኞች መዶሻ ተደግፈው ቆመዋል። ለቅዳሴ የመጣው ሰው በአጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ቻይነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ከፊት አለች። ያኔ ጠጠር ያስቀምጥ የነበረው ዲያቆን አሁን ነጭ ጢም ያላቸው ቄስ አድማሴ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ።

«መምህር፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። የሥራውን ነገር ሰምታችሁ ነው?» አሉት።

«የመጣሁት ለመስፈር ነው፣ አባ። ጠጠር ያስቀምጡልኝ» አለ ስመኘው።

ቄስ አድማሴ ግራ ገብቷቸው ጎንበስ ብለው ጠጠር አነሡ። ስመኘው ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውን አጣጥፎ ከተተ። ድንጋዩ ላይ በባዶ እግሩ ቆመ፤ ድንጋዩ ይሞቃል። ቄሱ የጥላው ራስ ላይ ጠጠሩን አስቀመጡ። ስመኘው ወርዶ ረገጠ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። ሰባት።

«ሰባት» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። ከዚያ ጫማውን አነሣና እንደገና አደረገው፤ ክሩን አሰረ። ከድንጋዩ እስከ ጠጠሩ ያችኑ ቦታ በጫማው ረገጠ። ስድስት ከትንሽ ሆነ።

«ያኔ የሰፈርሁት እንዲህ አድርጌ ነው» አለ። «በጫማዬ። አዲስ ነበር፤ ሁለት ጣትም ይበልጠኝ ነበር። አባቴ አልተሳሳቱም። አንድም ቀን ጾም አላስገደፉም፤ እኔ ነኝ ሁለት ዓመት ያለልክ ያስጾምኋችሁ። ስሕተቴን ያወቅሁት እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው፤ አፍሬ ዝም አልሁ። ከእንግዲህ የጎደለ ነገር ሲገጥማችሁ የመሪጌታ ጥላ አትበሉ። የስመኘው ጫማ በሉት።»

ሰው ተያየ። አንዲት አሮጊት «እኔ እኮ ያኔ እርጉዝ ነበርሁ፤ በረሃብ አንጀቴ ታጥፎ ነበር» አለች፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ስመኘውም ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሳቀ። ውዳሴ ስልኳን አየችና ቀስ ብላ «አባዬ፣ ይሄ ግን ዘጠኝ ከሠላሳ ስምንት ነው የሚለው» አለችው። «የስልኩ ሰዓት የተሰፈረው ከወደ ኦጋዴን በሚያልፍ መስመር ነው፤ ፀሐይ ከዚያ ተነሥታ ጎጃም እስክትደርስ ግማሽ ሰዓት ታልፋለች» አላት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ምድር ናት የምትዞረው ሲል የኖረ ሰው እንዲህ ብሎ መናገሩን ልብ አላለም።

ቄስ አድማሴ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «አትፍለጡት። ነቅላችሁ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ከቅጽሩ ውስጥ። ከእንግዲህ ማንም በጫማው አይቆምበትም» አሉ። ከዚያ ደወል ተደወለ፤ ሰዉ ተነሥቶ ገባ።

ስመኘው እንደገና ጫማውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ቻይነሽ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ በልጅነታቸው አባታቸው ጋቢ ውስጥ እንደነበሩት ትከሻዋን አስጠጋችው።

«አባባ ያን ቀን ምን እንዳሉ ታስታውሳለህ?» አለችው።

«‹ልጄ በልጦኛል› ነዋ። እሱ አይደል ሲያቃጥለኝ የኖረ፣ እታለም። እንደተሸነፉ አምነው ሞቱ።»

«እንዲያ አላሉም። ሰው ነው እያሳጠረ ያበላሸው። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ። እግርህን አዩ፤ ለብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ‹የልጄ ጫማ ከኔ ጫማ በልጧል› አሉ።»

ስመኘው ቃሉን በልቡ ደገመው። የልጄ ጫማ ከኔ ጫማ በልጧል። የሰማው ሁሉ ወርቁን ይዞ ሄዷል፤ ልጁ ከአባቱ ላቀ ብሎ። ሰሙን፣ ያ ቆዳና ጥጥ የተጠቀጠቀበትን፣ ሁለት ጣት የሚበልጠውን፣ ያዳመጠው አልነበረም። አባቱ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እውነቱን አንዲት ቃል ሳይሸራርፉ ተናግረው ነበር።

«ያውቁ ነበር?» አለ።

«ቤት ስንገባ ጠየቅኋቸው። ‹እሱ ዛሬ ከተሳቀበት ነገ ልጁን የሚልክለት ማን አለ? የእኔ ጥላ ለነገም ይወጣል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከሄደ አይመለስም› አሉኝ። ከሰው ጋር ቆመው ባንተ ጫማ ሲጾሙ ‹ትንሽ ረዘመ እንጂ ምን አለው› ይሉኝ ነበር።»

ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። ስመኘው ባዶ እግሩን ያያል፤ እንባው አውራ ጣቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው እስኪል ለምን አልነገርሽኝም?»

ቻይነሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። «‹ራሱ አውልቆ እስኪመጣ አትንገሪው› ብለውኝ ነበር» አለችው። «አንተ ነህ የቆየኸው።»